ከትልቁ በፊት በ.22 ጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። «2,500 ዶላር አጠራቅሜአለሁ፤ ተኩሼ አላውቅም፤ በረጅም ርቀት አልሞ መተኮስ መማር እፈልጋለሁ። የትኛውን 6.5 ክሪድሞር ልግዛ? 1000 ያርድ ለመምታትስ ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል?» ነው ያልከው። እኔ የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። በዚህ ስፖርት ስድስት ዓመት ሆኖኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ክሪድሞሩን፣ ትልቅ ጥይት የሚተኩሰውን የረጅም ርቀት ጠመንጃ፣ ለጊዜው ተወው። .22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ግዛ። የሚተርፍህን ገንዘብ ለጥይትና ለስልጠና አውለው።

ለምን እንደዚህ እንደምል ከራሴ ልንገርህ። እኔ በትልቁ ነው የጀመርኩት። ጠመንጃው ጥሩ ነበር። የከበደኝ ጥይቱ ነው። ለውድድር የሚሆነው አንዱ ፍሬ ሁለት ዶላር ገደማ ይወጣበታል። አንድ ቅዳሜ 40 ተኩሼ ስመለስ 80 ዶላር የለም። ስለዚህ በወር አንዴ ብቻ ነበር የምሄደው። በወር 40 ጥይት ደግሞ እጅ አያፍታታም።

የባሰው ሌላ ነው። ድምፁና ምቱ ስለሚያስደነግጠኝ ሰውነቴ ቀድሞ መሸማቀቅ ለመደ። ምላጩን ስስብ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ይህን ግን አላወቅኩትም። «ጠመንጃው ላይ ያለው ማነጣጠሪያ መነጽር ነው የተበላሸው» እያልኩ ሁለት ጊዜ አስፈተሽኩት። በመጨረሻ ተኩስ ሜዳው ላይ የተዋወቅኳቸው አንድ ሽማግሌ፣ ሳላይ የመለማመጃ ባዶ ጥይት አጎረሱልኝ። ምላጩን ሳብኩ። ጠመንጃው አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን ቁልቁል ሲደፋ በዓይኔ አየሁት። የደፋው የራሴ እጅ ነው። ይህን ልማድ ለማስለቀቅ አንድ ዓመት ሙሉ በ.22 ለፋሁ። አንተ ከዚያው ብትጀምር ያ ዓመት ይተርፍሃል።

.22 የልጆች መጫወቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ተሳስተዋል። መነጽሩን 50 ያርድ ላይ አስተካክለህ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) 100 ላይ ብትተኩስ ጥይቷ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ትወርዳለች። 200 ላይ ከአንድ ሜትር በላይ። ንፋሱ ደግሞ ያስተምርሃል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ 100 ያርድ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይገፋታል። ትልቁን ጥይት በዚያው ርቀት ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አያነቃንቀውም። ስለዚህ ሩቅ ሜዳ ፍለጋ ሳትነዳ፣ ቅርብህ ባለው የ100 ያርድ ሜዳ ንፋስና ርቀት ማንበብ ትማራለህ። ዋጋዋስ? እኔ የምለማመድባት ከ10 እስከ 20 ሳንቲም ነው። በአንድ የክሪድሞር ጥይት ዋጋ አሥር የ.22 ትተኩሳለህ።

ምን ልግዛ ላልከው፣ ሲዜድ 457 ወይም ቲካ ቲ1ኤክስ ብትይዝ አትቆጭም። ሁለቱም በእጅ የሚቀባበሉ ናቸው። መነጽሩ ላይ አትሰስት። «ሚል» በሚባለው የማዕዘን መለኪያ የሚለካ ምረጥ፤ ውስጡ ያለው ማነጣጠሪያ መስቀልም፣ የሚያስተካክለው መዘውርም ሁለቱም በ«ሚል» ይሁኑ። አሜሪካኖቹ ብዙዎቹ በኢንችና «ኤምኦኤ» በሚባል ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው ያደጉት። እኛ ግን በሜትር ነው የተማርነው። አንድ አሥረኛ ሚል 100 ሜትር ላይ ልክ 1 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ለኛ ጭንቅላት ይቀላል። ከዚያ ጠመንጃውን ከፊት የሚደግፍ እግር፣ ሰደፉ ሥር የምትደግፍበት ትንሽ የአሸዋ ከረጢት፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ። በቃ። መነጽሩን ጠመንጃው ላይ ስትገጥም ብሎኖቹን በተመጣጣኝ ልክ በሚያጠብቅ መፍቻ ራስህ አጥብቃቸው። የኔን አንድ ሱቅ ገጥሞልኝ ላልቶ ኖሮ፣ ሙሉ ቀን አንድም ጥይት እንዳሰብኩት አልሄደም።

ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ግን ቤት ውስጥ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ባዶ ጠመንጃ ይዘህ በሆድህ ተኛ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይሁን። የክፍሉን በር ዝጋ፣ የጠመንጃው ጥይት መጉረሻ ባዶ መሆኑን ሦስቴ አይተህ አረጋግጥ፣ አፈሙዙም ጥይት ወደማያሳልፍ ነገር ይዙር። አንዳንድ .22 በባዶው ሲመታ መርፌው ይጎዳል፤ ስለዚህ መመሪያውን ሳታነብ አትጀምር። ዒላማው ላይ ካነጣጠርክ በኋላ ዓይንህን ጨፍን። ሁለቴ ተንፍስ። ስትገልጥ መስቀሉ ከዒላማው ወጥቶ ካገኘኸው በክንድህ ጎትተህ አትመልሰው። ሆድህንና ዳሌህን አንቀሳቅሰህ መላ ሰውነትህን አዙር። ጡንቻ ይደክማል፤ የተደላደለ አጥንት ግን አይደክምም። ከዚያ ትንፋሽህን አውጣና፣ ሌላው ሳይገባ ባለችው ፀጥታ ውስጥ ምላጩን በጣትህ ጫፍ ሥጋ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳብ። ከተመታም በኋላ ወዲያው አትልቀቀው፤ ያዘው። መስቀሉ በዚያች ቅጽበት የት እንደነበር ለራስህ ተናገር። «ትንሽ ወደ ቀኝ ነበርኩ» ማለት የቻልክ ቀን መማር ጀመርክ ማለት ነው።

ደብተር ያዝ። ቀኑን፣ ርቀቱን፣ ንፋሱን፣ የጥይቱን ዓይነት ጻፍ። አምስት አምስት እየተኮስክ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ለካ። የሚያምረውን ብቻ አትመዝግብ፤ የኔ ደብተር ጠቃሚ ገጾች መጥፎዎቹ ናቸው።

አስተማሪ ካስፈለገህ «ፕሮጀክት አፕልሲድ» የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ስልጠና ብዙ ስቴቶች ውስጥ አለ። ሁለት ቀን ነው፤ አብዛኛው ሰው .22 ይዞ ይመጣል፤ በ25 ያርድ ላይ ትንንሽ ዒላማ ነው የሚመቱት። እኔ እዚያ በሁለት ቀን የተማርኩት በዓመት ብቻዬን ካገኘሁት ይበልጣል። ትንሽ ስትጠነክር ኤንአርኤል22 የሚባለውን ወርኃዊ ውድድር ሞክር። ጀማሪን አይንቁም። መሣሪያቸውን ሳይቀር ያውሱሃል።

አሁን ደግሞ ለኛ ሰው መነገር ያለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ በስተቀር አይችልም። ጉዳይህ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ሱቅ ከመግባትህ በፊት ጠበቃህን ጠይቅ። «ወረቀት ያለው ጓደኛዬ በስሙ ይግዛልኝ» የሚባል ነገር ፈጽሞ እንዳታስበው። የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እሱንም አንተንም ያጠፋል። የስቴትህን ሕግም ለብቻው አንብብ። ከደባል ጋር ወይም ልጆች ባሉበት ቤት የምትኖር ከሆነ ከጠመንጃው በፊት የሚቆለፍ ሣጥን ግዛ። አባቴ ጎጃም ውስጥ ምንሽር ነበራቸው። «ባዶ ነው» ብሎ ወደ ሰው ያዞረን ልጅ ሳይቀጡ አያልፉም ነበር። እኔም ልጆቼን በዚያው ነው የማሳድገው።

ስለ 1000 ያርድ ለጠየቅከው፣ እኔ ወደ ትልቁ ከተመለስኩ በኋላ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ያን ቀን ንፋሱን ከሣሩ አነበብኩ፣ መዘውሩን አዞርኩ፣ ትንፋሼን አወጣሁ። የመጀመሪያዋ ግራ ሄደች። ሁለተኛዋንም ሳትኩ። በሦስተኛው ምላጩን ይዤ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን የብረት ዒላማው ተመትቶ ሲወዛወዝ በመነጽሩ አየሁት። ጥይቷ እዚያ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ትወስዳለች። የብረቱ ድምፅ ደግሞ ዘግይቶ፣ ከተኮስኩ ከአራት ሰከንድ በኋላ ነው ጆሮዬ የደረሰው።