«ግለጡት» ተብሏልና ቪዲዮውን ብናሠራጨው ምን አለበት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ጉባኤ እየተጋበዘ ስለ ትዳር ታማኝነት ይናገር የነበረ አንድ ታዋቂ አርቲስት ከሌላ ሴት ጋር ሆኖ የተቀረጸ ቪዲዮ በቴሌግራም ወጣ። አየሁት፤ ለሦስት ጓደኞቼም ላክሁላቸው። አንዷ «ኃጢአት ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ሌላዋ ግን «ኤፌሶን 5፥11 ‹ግለጡት› ይላል፤ ግብዝን ማጋለጥ ጽድቅ ነው» አለች። የማንኛዋን ልያዝ? ሚስቱ የጽዋ ማኅበራችን አባል ናት፤ ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም።

መልስ፦ እኅቴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ። ዝሙት ምን ያህል ክፉ እንደሆነ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ጓደኛሽ የጠቀሰችው ቃል ላይ ግን እቆያለሁ፤ በዚህ ጥቅስ ሐሜቱን የሚያጸድቅ ምእመን እጅግ ብዙ ነውና።

ጥቅሱ «ፍሬም ከሌለው ከጨለማ ሥራ ጋር አትተባበሩ፥ ይልቁን ግለጡት እንጂ» ይላል። እውነት ነው። ግን ጣትሽን አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጊ፤ ቁጥር 12 «እነርሱ በስውር ስለሚያደርጉት መናገር እንኳ ነውር ነውና» ይላል። ሐዋርያው ያዘዘው መግለጥና አንቺ የላክሽው ቪዲዮ አንድ ሊሆኑ አይችሉም፤ ስለ ነገሩ ማውራቱ እንኳ ነውር ከሆነ፣ ሥራውን ራሱን ለሰው ዓይን ማቅረብ ምን ሊባል ነው? «አትተባበሩ» የሚለውም እዚያው አለ። ቪዲዮውን ከፍቶ የሚያይ ሰው ጌታ በማቴዎስ 5፥28 ስለ ምኞት ዓይን የተናገረው እርሱን ይመለከተዋል፤ «ለማጋለጥ ነው ያየሁት» ማለት ዓይንን አያነጻም።

ታዲያ እንዴት ይገለጣል? ማቴዎስ 18 ቅደም ተከተሉን ሰጥቶናል፦ መጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ እነርሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን። ነቢዩ ናታን የዳዊትን በደል ይዞ ወደ ራሱ ወደ ዳዊት ገባ እንጂ በኢየሩሳሌም ሲያዞር አልዋለም። አንቺ ሰውዬውን ቀርበሽ የምትገሥጪበት መንገድ ከሌለሽ ድርሻሽ አጭር ነው፤ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ወይም ለደብሩ አስተዳዳሪ ትነግሪያለሽ፣ ከዚያ ታቆሚያለሽ። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሦስቱንም ደረጃ ዘሎ ወሬውን ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ ያዳርስና ቤተ ክርስቲያን የምትሰማው መጨረሻ ላይ ይሆናል።

ደግሞስ ያየሽው እውነት ስለመሆኑ ማን መሰከረ? በመጽሐፈ ሶስና ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ንጽሕት ሴት ላይ ዝሙት መሰከሩ፤ ጉባኤው ሁሉ አመናቸውና ሞት ፈረደባት። ዳንኤል ለየብቻ አቁሞ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ቢላቸው የተለያየ ዛፍ ጠሩ። ዛሬ የሰውን ፊት በሌላ ገላ ላይ መለጠፍ የማንም ሥራ ሆኗል። ሲተላለፍ የመጣ ቪዲዮ ምስክር አይደለም።

«ግብዝ» ለማለትም አትቸኩሉ። ያስተማረውን መፈጸም ያቃተው ሁሉ ግብዝ ከተባለ ከመድረክ የሚተርፍ የለም። ዳዊት ወደቀ፤ በተገሠጸ ጊዜ «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፤ መዝሙር 50ን እስከ ዛሬ እንጸልይበታለን። ሐናንያና ሰጲራ ግን የሸጡትን መሬት ዋጋ ከፊሉን ሸሽገው ሁሉን የሰጡ መሰሉ። ይህ ሰው ከማንኛቸው ወገን እንደሆነ የሚታወቀው ከእንግዲህ በሚያደርገው ነው። ስለ ታማኝነት የተናገረው ቃል ግን በእርሱ መውደቅ ሐሰት አልሆነም፤ ጌታ ስለ ፈሪሳውያን «ያዘዙአችሁን አድርጉ፣ እንደ ሥራቸው ግን አታድርጉ» ብሏልና።

ይህን ስል በይፋ ያስተማረ ሰው በስውር ይታለፍ ማለቴ አይደለም። ነገሩ ከተረጋገጠ ማይክሮፎን የሰጡት ኃላፊዎች ማይክሮፎኑን ይቀበሉት፤ «ከአገልግሎት ተነሥቷል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ቀኖናውን ሲፈጽም መጀመሪያ የሚመለስበት ቦታ ምእመናን የሚቆሙበት ነው፤ መድረክ አይደለም። ኃላፊዎቹም ይጠየቃሉ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10 «አስቀድሞ ይፈተኑ» እያለ፣ ሰው በታዋቂነቱ ብቻ ጉባኤ ላይ መቆሙ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ ያዢ። በቪዲዮው ውስጥ የተገደደች ሴት ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ካለች ነገሩ ወንጀል ነውና ለፖሊስ ይነገራል። የዳዊት ልጅ አምኖን እኅቱን ትዕማርን በደፈራት ጊዜ ወንድሟ አቤሴሎም «እኅቴ ሆይ ዝም በዪ» አላት፤ አባቷ ዳዊትም ተቆጣ እንጂ አልፈረደም፤ ያ ዝምታ ቤቱን በደም አጠበ። እንዲህ ያለ ጥቃት የደረሰባት ብታጋጥምሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ትድረስ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይሰጥምና። ሳትታጠብ ትሂድ፤ ልብሷንም በወረቀት ከረጢት ትያዝ፤ በፌስታል ሲሆን እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሻል።

በፈቃድ የተፈጸመ ምንዝር ሲሆን ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ በአንቀጽ 652 ክሱን የሚቀበለው ከተበደለው የትዳር ጓደኛ ነው፤ ከጎረቤት አይደለም። የሰውን ክብር የሚያዋርድ ምስል በስልክ ማሠራጨት ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

አንቺ አሁን ይህን አድርጊ። ቴሌግራም ላይ የላክሽውን ስትሰርዢ ለተቀባዩም እንዲጠፋ የሚለውን ምረጪ፤ አለዚያ የሚጠፋው ከአንቺ ዘንድ ብቻ ነው። ጋለሪ ላይ የወረደውን ካጠፋሽ በኋላ ትራሹንም አጽጂ፤ በብዙ ስልኮች እዚያ 30 ቀን ይቀመጣል። ሴቲንግ ውስጥ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጊ። ለሦስቱም ጓደኞችሽ ደውለሽ «ልኬላችሁ በድያለሁ፤ አጥፉት፣ ለላካችሁለትም ንገሩ» በያቸው፤ ይህ ከባዱ ነው፣ አትለፊው።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። «ዝሙት የሚያሳይ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ለሦስት ሰው ልኬአለሁ፤ ሰው አምቻለሁ» በይ። የአርቲስቱን ስም አትጥሪ፤ ምን እንዳየሽም አትተርኪ። ንስሐ ልግባ ብሎ መጥቶ ግማሽ ሰዓት የሌላውን ኃጢአት አውርቶ የሚሄድ ምእመን ብዙ ነው፤ ካህኑ ፊት ሐሜቱን ደገመው እንጂ ንስሐ አልገባም።

ስለ ሚስቱ የጻፍሽው መስመር ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዷ በዕድሜ የጠናች ትሁን። ስልካችሁን ከቦርሳ አታውጡ፤ ካላነሣችው አታንሡባት። «ቻዪው፣ የሁሉም ቤት እንዲህ ነው» አትበሏት፤ «ፍቺው» ማለትም የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ጌታ በማቴዎስ 19፥9 ዝሙትን ለይቶ ተናግሯልና ውሳኔው የእርሷና የንስሐ አባቷ ነው። የማኅበሩን ጸበል ድርሻዋን በየወሩ ቤቷ ድረስ አድርሱላት፤ የመደገስ ተራዋ ከደረሰም ሳትጠየቅ አንዷ ትቀይራት። ልጆች ካሏት እሑድ ጠዋት ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ወደ ቅዳሴ ውሰዷቸው፤ ሌሎቹ ልጆች የአባታቸውን ነገር እንዳያነሡባቸውም አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ አስጠንቅቁ።