«ተበላሽቷል» ብቻውን አይበቃም

ጥያቄ፦ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የቆዩ መጻሕፍት እሸጣለሁ። ስለ አንዱ ይዞታ «ጀርባው ተቀዷል፣ ሁለት ገጽ ጎድሎታል፣ ወረቀቱም ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩ። ገዢው መጽሐፉ ሲደርሰው «የጻፍከው ሌላ፣ ያገኘሁት ሌላ» አለኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ገዢው እውነቱን ነው፤ እርስዎም አልዋሹም። «የመጽሐፉ ጀርባ» ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው የኋላውን ሽፋን ነው። መደርደሪያ ላይ ሲቆም ርእሱ የሚነበብበትን ጎን ማለትዎ ከሆነ «የጥራዙ ጀርባ» ይበሉ፤ ሌላው «የኋላ ሽፋን» ይባል። «ገጽ»ም እንዲሁ ያደናግራል፤ አንድ ቅጠል ሁለት ገጽ አለውና። «ከገጽ 45 እስከ 48 ያሉት ሁለት ቅጠሎች የሉም» ቢሉ ማንም አይሳሳትም።

ዋናው ነገር ግሱ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ስለሆነ ሁሉንም «ተቀደደ» ውስጥ መክተት ያሳዝነኛል። የጥራዙ ክር ሲፈታ ተተረተረ፤ ቅጠሉ ሙሉ እንደሆነ ከስፌቱ ሲወጣ ተላቀቀ፤ ተቀዶ ሲለይ ተገነጠለ። የሽፋኑ ጨርቅ በመታሸት ሲሳሳ ነተበ፤ ቆዳው ሲነሳ ተላጠ። ለጠራዥ እነዚህ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የተተረተረው እንደገና ይሰፋል፣ የነተበው ግን በመስፋት አይመለስም።

«ተበላሽቷል» ደግሞ ምንም አይነግርም። ወረቀቱ ወይቧል? ሲገልጡት ይፈረካከሳል? ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይደርሱበታል፤ ይሁን እንጂ ወይቦም ሳይደርቅ የቆየ ወረቀት አለ። ስለዚህ ቀለሙንና ጥንካሬውን ለየብቻ ይጻፉ።

መጠኑንም ግሱ ራሱ ይሸከምልዎታል። «ወየብ ብሏል» ጥቂት ነው፣ «ወይቧል» የለየለት ነው። «ተቀዷል» አንድ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ «ተቀዳዷል» ግን ብዙ ቦታ ነው። «በመጠኑ»፣ «በጣም» እያሉ ከመደርደር ይህ ይሻላል። ሻጋታ ላይ ብቻ ይህን ማለስለሻ አይጠቀሙ፤ ወደ ሌሎች መጻሕፍት ሊዛመት ስለሚችል «ሻገት ብሏል» ሳይሆን «ሻግቷል» ብለው የት የት እንደሆነ ይጻፉ።