ጥያቄና መልስ፦ ካሜራው ከመግባቱ በፊት ስለ ሕመሙ እንነጋገር

በዚህ ሳምንት ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ኮሎኖስኮፒ ናቸው፤ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ ትልቁን አንጀት ስለማየት።

ጠዋት ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል፤ በምርመራው ዕለት ይከለከላል?

ወተትና አተላ የሌለው ከሆነ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ግን ምርመራው ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ያቁሙ፣ ሐኪምዎ ከዚያ ቀደም ብለው እንዲያቆሙ ካዘዙ የእሳቸውን ይከተሉ።

አንድ አባወራ ደግሞ «ለምርመራው የሚሰጠኝ ማስታገሻ አስክሮኝ ምስጢሬን ብዘረግፍስ?» ይላሉ።

ቢያጉተመትሙም ባለሙያዎቹ ዓይናቸው ከስክሪኑና ከኦክስጅን መለኪያው አይነቀልም። በዚህ ሰበብ ማስታገሻውን እምቢ እንዳይሉ።

አንዲት መምህርት ባለፈው ዓመት ምንም ሳይሰጣት ተመረመረች። «በቃኝ» ብላ ብትለምን «ትንሽ ቻይ፣ አለቀ» አሏት። አሁን ሰገራዋ ላይ እንደገና ደም አይታለች፣ ሐኪሟም ድገሚ ብሏታል። «ከምደግመው ብሞት ይሻላል» ትላለች።

እህቴ፣ ያመመሽ ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም። የአንጀት የውስጥ ሽፋን መቆረጥ አይሰማውም፤ ፖሊፕ የሚባለው እባጭ በሽቦ ተቆርጦ ሲወጣ እንኳ ብዙ ሰው አይታወቀውም። የሚያመው መወጠሩ ነው። ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል። ካሜራውን የያዘው ቱቦ በግራ በኩል ባለው መታጠፊያ ላይ ሲጠቀለል አንጀቱን የያዘውን ስስ ሽፋን ይጎትተዋል፤ መንገድ ለመክፈት የሚገባው አየር ደግሞ ሆድን ይነፋል። የማሕፀን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሴቶች ይበልጥ ይቸገራሉ።

ለዚህ ሁሉ መላ አለው። ሚዳዞላም የሚባለው መድኃኒት ያረጋጋል፣ የሆነውንም ያስረሳል፤ ሕመም ግን አያስታግስም፤ ስለዚህ ከሕመም ማስታገሻዎቹ ከፌንታኒል ወይም ከፔቲዲን ጋር ይሰጣል። ፕሮፖፎል ጭልጥ አድርጎ ያስተኛል፤ ትንፋሽ ስለሚያዳክም ግን በሠለጠነ ሰው እጅ መሆን አለበት። ከመድኃኒት ውጭም በአየር ፋንታ ውሃ ወይም ቶሎ የሚመጠጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠቀም፣ ጎን መቀየር፣ ሆድን በእጅ ደገፍ ማድረግ፣ የተጠቀለለውን ቱቦ መለስ አድርጎ ማቃናት ሕመሙን ይቀንሳሉ። ያለ ማስታገሻ ተመርምረው በሰላም የሚወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እነሱ ግን ተጠይቀው፣ ወደው ነው። አንቺን ማንም አልጠየቀሽም።

«ቻል አድርገው» የሚለውን ቃል ከምጥ አልጋ እስከ ጥርስ ወንበር ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም ያናድደኛል። ታካሚ «አቁሙ» ካለ መቆም አለበት። ስለዚህ ከመተኛትሽ በፊት ያለፈውን ንገሪያቸው፤ ምን እንደሚሰጡሽ፣ ትንፋሽሽን ማን እንደሚከታተል፣ እጅሽን ስታነሺ ያቆሙ እንደሆነ ጠይቂ። መልሳቸው ካላረካሽ ሌላ ቦታ ቀጠሮ ያዢ። ግን ያዢ! ተደጋግሞ የመጣ ደም «ኪንታሮት ነው» ተብሎ አይታለፍም። በዚህ ሳምንት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ እባክሽ።

ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ጠዋት ተመርምሬ ከሰዓት ብሠራስ?

አይሆንም። የሚያስተኛ መድኃኒት ከወሰዱ 24 ሰዓት መሪ አይጨብጡ። የነቁ ይመስልዎታል እንጂ እጅና ዓይንዎ ገና አልተገናኙም። ቤት የሚያደርስዎ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ከዘጌ፦ የአንጀት ማጽጃውን ቤቴ ጠጥቼ በማለዳ ጀልባ ብመጣስ?

ይተዉት። ብዙ ጊዜ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ይጠጣል፤ ሐይቅ መሐል ሲያጣድፍዎ የት ይሄዳሉ? ከተማ ዘመድ ዘንድ ይደሩ። ከዋዜማው በፊት ባሉት ቀናት ከባቄላና ከሽምብራ ይልቅ የፎገራ ነጭ ሩዝ ይብሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

አንዲት እናት፦ ባለቤቴ ማታ ማታ አረቄ ይጠጣሉ፤ ሲተኙ ያንኮራፋሉ፣ ትንፋሻቸውም ቁርጥ ይላል። «ለሐኪሙ እንዳትነግሪ» ብለውኛል።

ይንገሩ! ትንፋሹ በእንቅልፉ የሚቋረጥ ሰው በማስታገሻ ሲተኛ ኦክስጅኑ ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ አረቄ የለመደ ሰውነት ደግሞ የመድኃኒቱን መጠን ያዛባል። ባለሙያው ቀድሞ ካወቀ መጠኑን ይመጥናል፣ ኦክስጅን ያዘጋጃል፣ መድኃኒቱን የሚያረክሱትን ናሎክሶንና ፍሉማዜኒል አጠገቡ ያደርጋል። የሰመመን ባለሙያ ሳያያቸው እንዳይተኙ። እሳቸው አልናገርም ካሉ እርስዎ አብረው ገብተው ይናገሩ።