ድራኩላን ለምትጽፉ ልጆቼ፦ መጀመሪያ ቆጣሪውን ጠይቁ

ልጆቼ፣

ድራኩላ ስለሚባለው የዋላኪያ (የዛሬዋ ደቡብ ሮማንያ) ገዥ፣ ስለ ቭላድ ሣልሳዊ፣ ለመጻፍ የተነሳችሁ ብዙ ናችሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን ሁልጊዜ የምትጀምሩት ከደም መጣጩ ነው። ከዚያ ወደ ሰውየው ልመለስ ስትሉ መንገዱ ይጠፋችኋል። የደም መጣጩ ጉዳይ ከአንድ አንቀጽ አያልፍምና እዚሁ እንጨርሰው።

አባቱ ቭላድ ዳግማዊ በ1431 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኑረምበርግ ላይ የዘንዶው ማኅበር ወደሚባል የባላባቶች ማኅበር ገባ። «ድራኩል» ያሰኘው ይህ ነው፤ ዘንዶው ማለት ነው። ልጁ የድራኩል ልጅ ተባለ፤ ራሱም በደብዳቤዎቹ ላይ በዚሁ ስም ፈርሟል። ቃሉ በሮማንያ ቋንቋ ሰይጣንም ማለት ነው። በ1820 ስለ ዋላኪያ በእንግሊዝኛ የታተመ አንድ መጽሐፍ በግርጌ ማስታወሻው ሰይጣን የሚለውን ትርጉም ሰጠው። አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር በ1890 ዊትቢ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ይህን መጽሐፍ አነበበ፤ በ1897 ስሙን ለልብ ወለዱ ባለታሪክ ሰጠው። ከስሙ በቀር ከሰውየው የወሰደው እጅግ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የሚያሰናክላችሁ «የክርስቲያን ጀግና በቱርክ ላይ» የሚለው አጻጻፍ ነው። በ1442 ቭላድና ታናሽ ወንድሙ ራዱ ለኦቶማን ቱርኮች ሱልጣን ለሙራድ ዳግማዊ መያዣ ሆነው ተሰጡ። በ1447 ዋላኪያን ወርሮ አባታቸውን ለሞት ያበቃው ግን የሀንጋሪው ሹም ያኖሽ ሁንያዲ ነበር። በ1448 ቭላድን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሁለት ወር ያህል፣ ዙፋን ላይ ያወጣው ደግሞ የኦቶማን ድጋፍ ነው። በ1456 በሀንጋሪ ድጋፍ ተመልሶ ሲነግሥም መጀመሪያ ለሱልጣኑ ግብሩን ይከፍል ነበር። ዋላኪያ በሁለት ኃያላን መካከል የተቀረቀረች አገር ናት፤ የገዥዎቿ ወዳጅነት በየዓመቱ ቢገለበጥ አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ1462 መጀመሪያ፣ በአውሮፓ የብርድ ወራት፣ ቭላድ በረዶ የሠራውን የዳኑብን ወንዝ ተሻግሮ የኦቶማንን ዳርቻ አቃጠለ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን ጁርጁ በምትባል የዳኑብ ዳር ምሽግ ላይ ሆኖ ለሀንጋሪው ንጉሥ ለማትያስ ኮርቪኑስ ደብዳቤ ጻፈ፤ 23,884 ሰው ገደልን ይላል። ብዙዎቻችሁ ይህን ቁጥር ገልብጣችሁ ታልፋላችሁ። አትለፉ፤ ደብዳቤው ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ይነግራችኋል። በየቦታው ተዘርዝሯል፤ የጁርጁ ብቻ 6,414 ነው። ከቤታቸው ጋር የተቃጠሉትና ጭንቅላታቸው ለሹማምንቱ ያልቀረበው አልተቆጠሩም ይላል። ቆጠራው በጭንቅላት ነበር ማለት ነው። ከመልእክተኛው ጋርም የተቆረጠ ጭንቅላት፣ አፍንጫና ጆሮ በከረጢት ተልኳል።

ለምን? ቭላድ ሠራዊት እየለመነ ስለሆነ ነው። ከሱልጣኑ ጋር የነበረውን ሰላም ለክርስትና ሲል እንዳፈረሰ፣ አሁን እርዳታ እንደሚያስፈልገው ለንጉሡ ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ ይህ ቁጥር ሁለት ፊት አለው፦ የአቆጣጠሩ ዘዴ ጥንቃቄ ያሳያል፣ የላኪው ፍላጎት ደግሞ ወደ ማብዛት ይገፋል። ስትጽፉ ሁለቱንም አብራችሁ ጻፉ።

እዚህ ላይ ቀን የምትቀይሩ ተጠንቀቁ። ያኔ አውሮፓ የሚቆጥረው በጁልያን፣ ከዛሬው ግሪጎሪያን በፊት በነበረው አቆጣጠር፣ ነው። የደብዳቤው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 11፣ በእኛ የካቲት 17 ቀን 1454 ዓ.ም. ነው። በስልክ ያለ መቀየሪያ ግን በዛሬው የግሪጎሪያን ስሌት ቢሠራው የካቲት 8 ይላችኋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሁለቱ ልዩነት 9 ቀን ነበር።

ሁለተኛው ዝነኛ ቁጥር የዚያው ዓመት ነው። የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መሕመድ በአውሮፓ የሙቀት ወራት ራሱ ዘምቶ ከዋላኪያ መዲና ከታርጎቪሽቴ አጠገብ ሲደርስ በሾለ እንጨት የተሰኩ 20,000 ሬሳዎች አየ ይባላል። የጻፈው የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ካልኮኮንዲሌስ ነው፤ በቦታው አልነበረም። ቦታው 17 ስታድዮን በ7 ስታድዮን ነበር ይላል። እርሳስ አንሱ። አንድ ስታድዮን ወደ 180 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 3,060 ሜትር በ1,260 ሜትር፣ ወደ 3.86 ሚሊዮን ካሬ ሜትር። ለ20,000 አካፍሉት፤ ለአንድ እንጨት ወደ 193 ካሬ ሜትር ይደርሳል፣ ከአንዱ እስከ አንዱ 14 ሜትር ገደማ። ይህ ጫካ አይባልም። «የሬሳ ጫካ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ወይ ስፋቱን ወይ ሥዕሉን መተው አለባችሁ። ይህ ሂሳብ ድርጊቱ አልተፈጸመም አያሰኝም፤ በእንጨት መሰካት በአካባቢው የታወቀ ቅጣት ነበር፣ ኦቶማኖቹም ቭላድን «ካዚክሊ»፣ ሰው በእንጨት የሚሰካው፣ ይሉታል። 20,000 የሚለው ግን እንደ 6,414 የተቆጠረ ሳይሆን ጆሮ ያገኘው ድፍን ቁጥር ነው።

በዘመቻው ራሳቸው የነበሩ ሰዎችን አስቀድሙ። ቱርሱን በይ የኦቶማን ጸሐፊ ነው፤ ሙቀቱ በወታደሩ የብረት ጥሩር ላይ ሥጋ ይጠብስ ነበር ይላል። ውሃ ጠፍቶ፣ መንደሩ ባዶ ሆኖ የተጓዘ ሰው ቃል ነው። ሰርቢያዊው ኮንስታንቲን ሚሃይሎቪች ከጃኒሳሪዎች፣ ከሱልጣኑ ምርጥ እግረኛ ወታደሮች፣ ጋር ነበር፤ ዳኑብን በሌሊት በጀልባ ተሻግረው ጉድጓድ ሲምሱ 250 ሰው በመድፍ እንዳለቀባቸው ይናገራል። እሱ የሚያስታውሰው ወንዙን፣ ምሽጉን፣ መድፉን ነው፤ የተዋጋ ሰው እንዲህ ነው። ጁን 17 ሌሊት ቭላድ ሰፈሩን ሰብሮ ሲገባ የሱልጣኑን ድንኳን ፈልጎ የወደቀው በሚኒስትሮቹ ድንኳን ላይ መሆኑን የምናገኘው ደግሞ ከካልኮኮንዲሌስ ነው። እሱን ጣሉት አላልኩም፣ ለይታችሁ ያዙት እንጂ።

ስለ ጭካኔው የሚነገሩት ተረቶች ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ። አንዱን ውሰዱ፦ መልእክተኞች ቆባቸውን አላወልቅም ሲሉ ቭላድ ጭንቅላታቸው ላይ በሚስማር አስቸነከረው። በጀርመንኛው ቅጂ መልእክተኞቹ ጣልያኖች ናቸው፤ በስላቭኛው ቱርኮች ናቸው፣ ቆቡም ጥምጥም ነው። ወረቀት ለሁለት ክፈሉና ጎን ለጎን ጻፏቸው። ሰዎቹ ሲቀያየሩ ሚስማሩ ቀረ፤ የሚዘዋወረው ሚስማሩ ነው ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ማን እንዳሰራጨው ጠይቁ። ጀርመንኛው የትራንሲልቫኒያ ሳክሶኖች፣ ከዋላኪያ በስተሰሜን በሀንጋሪ ግዛት የሰፈሩ ጀርመኖች፣ ምሬት ነው፤ ቭላድ የከተማቸውን የብራሾቭን ነጋዴዎች ንግድ አጥብቦባቸው፣ እነሱም ለተቀናቃኙ ድጋፍ ሰጥተው፣ እሱም መንደራቸውን አቃጥሎ ነበር። ቁጣቸው የእውነት ነው። በ1488 ኑረምበርግ ላይ ሲታተም ግን ማተሚያ ቤቱ የሚፈልገው ገዢ ነበር። የስላቭኛው ጸሐፊ ደግሞ ክፉ ቢሆንም ፍርድ የማያጓድል ገዥ አድርጎ ያቀርበዋል።

ወጣቶች የምትዘሉት ክፍል አወዳደቁን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። መሕመድ ቭላድን ሳይማርክ ተመለሰ፤ የቭላድን ወንድም ራዱን ግን ከጥቂት ጦር ጋር ትቶት ሄደ። ራዱ ለመሳፍንቱ ያቀረበው ሰላም ነበር፤ መሳፍንቱ አንድ በአንድ ወደ እሱ ዞሩ። ቭላድ ወደ ሀንጋሪ ሸሸ፤ እርዳታ የጠበቀበት ማትያስ በ1462 መጨረሻ አሰረው። ማትያስ ለመስቀል ጦርነት ከሮማው ጳጳስ ገንዘብ ተቀብሎ ነበርና ለምን እንዳልዘመተ መልስ ያስፈልገው ነበር። ቭላድ ለሱልጣኑ እጅ ሊሰጥ ሲስማማ የሚያሳይ ደብዳቤም ተገኘ ተባለ፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች የሐሰት ነው ብለው ያምናሉ፣ እኔም ከእነሱ ነኝ። የደብዳቤው ቀን ኖቬምበር 7 ነው፤ ቭላድ የሸሸበትን ወር ፈልጋችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩና ራሳችሁ ፍረዱ።

በ1476 በጎረቤት አገር በሞልዳቪያ ገዥ በእስጢፋኖስ እርዳታ ለአጭር ጊዜ ተመልሶ ነገሠና ተገደለ። ስለ ሞቱ ስትጽፉ የተቀበረበት ነው ከሚባለው ከስናጎቭ ገዳም መቃብር አትነሱ፤ በ1933 ሲቆፈር የወጣው የእንስሳት አጥንት ነው። እስጢፋኖስ በ1477 ለቬኒስ ካስላከው ቃል ተነሱ፦ 200 ጠባቂ ትቼለት ነበር፣ የተረፉት 10 ናቸው።