በሶውን ያዢ፣ ጋቢውን ተይው

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ በጃንዋሪ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ በዲዝኒ የመዝናኛ መናፈሻዎች ስለሚካሄደው የዲዝኒ ማራቶን። ሐበሻው ዘንድሮ ምን ነካው? እንግዲያው ስለ ጉልበት ሕመም የጻፋችሁልኝ ትንሽ ታገሡኝ፤ ዛሬ ሻንጣ እንሸክፋለን።

ለማታውቁኝ፦ 58 ዓመቴ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። ኦርላንዶን ሦስት ጊዜ ሮጬዋለሁ፤ በፈረንጆች 2015፣ 2018 እና 2023። የመጀመሪያውን የጨረስኩት በ6 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ነው። ከኃይሌ ጋር የሚያመሳስለኝ ፓስፖርቱ ብቻ ነበር፤ እሱም ተቀይሯል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። የዲዝኒን ሙሉ ማራቶን ልሮጥ ተመዝግቤያለሁ። የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና እናቴ አብረውኝ ይሄዳሉ። እናቴ «ገናን ያለ ዶሮ አላሳልፍም» ብላ ከአሁኑ ድስት እየመረጠች ነው። እኔ ደግሞ ጿሚ ነኝ፤ በጾሙም ልምምዱን አላቆምም። ሻንጣዬ ውስጥ ምን ልክተት? አንዱ ያለኝን ሌላው ያፈርሰዋል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጫማሽ። ከእጅሽ አይለይ። የምትሮጪበት ጫማ፣ ካልሲ፣ ቁምጣ፣ የስፖርት ጡት መያዣ (ይቅርታ፣ ግን እውነት ነው) እና መታወቂያሽ አውሮፕላን ውስጥ ይዘሽው በምትገቢው ቦርሳ ይግቡ። ሌላው ሻንጣ ቢጠፋ ኦርላንዶ ሱቅ ሞልቷል። እግርሽን የለመደ ጫማ ግን ከሱቅ አይገዛም።

መታወቂያ ያልኩሽ በምክንያት ነው። የመሮጫ ቁጥርሽን የምትወስጂው አንቺ ራስሽ ነሽ፤ ባልሽ ሊቀበልልሽ አይችልም። የሚሰጠውም ከሩጫው ቀን በፊት ነው፤ ኢኤስፒኤን ዋይድ ወርልድ ኦፍ ስፖርትስ በሚባለው የስፖርት ግቢ። የአውሮፕላን ቲኬት ስትቆርጪ ይህን አስቢ። ቅዳሜ ማታ ደርሶ እሑድ ሌሊት መሮጥ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ብርዱ። «ፍሎሪዳ ሞቃት ነው» የሚልሽን አትስሚ። ጃንዋሪ ውስጥ ኦርላንዶ ሌሊቱ በአማካይ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ቀኑ 22 ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ኅዳር በይው። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ውኃ የሚያረጋ ብርድ ይመጣል። ሩጫው የሚጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። አውቶቡሶቹ ግን ከየሆቴሉ ሰው መጫን የሚጀምሩት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል፣ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ያህል ሜዳ ላይ፣ ጤዛ በያዘ ሣር ላይ ትጠብቂያለሽ። ሰው ማራቶኑን ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ይህቺን ሁለት ሰዓት ነው።

መድኃኒቱ አሮጌ ልብስ ነው። ከልባሽ ጨርቅ መሸጫ ወፍራም ሹራብና ሱሪ በትንሽ ብር ግዢ። ስትጀምሪ አውልቀሽ ከዳር ትጥይዋለሽ፤ ተሰብስቦ ለተቸገረ ይሰጣል። ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ መጣያ ፕላስቲኮች ጨምሪ። አንዱን ትቀመጪበታለሽ። ሁለተኛውን ለአንገትና ለእጅ ቀዳዳ አውጥተሽ ለዝናብም ለነፋስም ትለብሽዋለሽ። ቁንጅና እዚያ ሰዓት ላይ አይሠራም።

ጋቢ እንዳትወስጂ! በ2018 ማራቶኑ የዋለው ጃንዋሪ 7 ነበር፤ ልክ በገና ቀን። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ እናቴ የፈተለችውን ጋቢ ደርቤ ሄድኩ። መነሻው ላይ ሁሉም ሹራቡን ይወረውራል። የእናት ጋቢ እንዴት ይወረወራል? ወገቤ ላይ ጠመጠምኩትና 42 ኪሎ ሜትር ይዤው ሮጥኩ። እዚያ ሰዉ የዲዝኒን ገጸ ባሕርያት መስሎ ነው የሚሮጠው። አንዲት ሴትዮ ጋቢዬን አየችና «አንተ የትኛው ነህ?» አለችኝ። «እረኛው» አልኳት። ቀኑ ገና ነበር፤ አልዋሸሁም።

ስለ ጾሙ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው። ረጃጅሞቹ ልምምዶችሽ፣ እነዚያ 18 እና 20 ማይሎች፣ እዚያው መሀል ይወድቃሉ። ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል አይቻልም፤ እኔ ሞክሬ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። እንደ እኔ ረጅሙን ሩጫ ወደ ቅዳሜ አምጪው። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ አይጾምም። የቀረውን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ ሾፌር ነኝ።

ምግቡ ራሱ ግን ለሯጭ የተመቸ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታ በቲማቲም። ከሁሉም በላይ በሶ። ፈረንጁ በትንሽ ከረጢት የሚገዛውን ዝልግልግ ጣፋጭ እኛ ገብስ ቆልተን ፈጭተን እናገኘዋለን። እኔ ሩጫው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው በውኃ፣ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጬ እጠጣለሁ። ግን አውሮፕላን ውስጥ ይዘሽ አትግቢ። ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት ለብቻው ወጥቶ ይፈተሻል። ፈታሹ ያንን ቡናማ ዱቄት አንስቶ «ምንድን ነው?» ሲልሽ፣ ከኋላሽ ያለው ሰልፍ በሙሉ አንገቱን ያሰግጋል። በሚጫነው ሻንጣ ላኪው።

እና ዶሮው። እማማን አከብራለሁ፤ ግን እኔ ያየሁትን አንቺ አትዪው። በ2015 ገና ረቡዕ ዋለ፤ ማራቶኑ እሑድ ጃንዋሪ 11 ነበር። ጾም ተፈታ። ረቡዕ ዶሮ። ሐሙስ የተረፈው ዶሮ። ዓርብ ጾም ብዬ አረፍኩ። ቅዳሜ ማታ «ኃይል ይሰጣል» ብዬ ክትፎ፣ ያውም ለብለብ። ስድስት ሳምንት ሥጋና ቅቤ ያላየ ሆድ ነው እንግዲህ። እሑድ 8ኛው ማይል ላይ ሆዴ ጉዳዩን አነሣ። እዚያ መንገድ ላይ በየቦታው የፕላስቲክ ሽንት ቤት አለ፤ እኔ ከ8ኛው እስከ 20ኛው ማይል አንዱንም አላለፍኩትም። ሰዓቴን ከላይ ነግሬሻለሁ። ምክንያቱን ለጓደኞቼ እስከ ዛሬ «ጉልበቴ ነው» እላቸዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ማራቶኑ ብዙውን ጊዜ ከገና በኋላ ባለው እሑድ ነው። በገና ዕለት እጅሽን ታጥበሽ አንድ እንቁላልና ትንሽ ወጥ ቅመሺ፤ እማማ እንዳይከፋቸው። የቀረው በረዶ ሆኖ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። ወጥ ፈሳሽ ነው፤ ከእጅ ቦርሳ ያስወጡብሻል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆቴል ታሞቁታላችሁ። ክፍል ስትይዙ ግን ምግብ ማሞቂያ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ ሁሉም የለውም።

ትንንሾቹን ነገሮች በሩጫ ልሂድባቸው። ቫዝሊን፦ ብብት፣ ጭን፣ የእግር ጣት። መርፌ ቁልፍ፣ አምስት ስድስት፤ የመሮጫ ቁጥርሽን የምታያይዢበት። ሶፍት፣ ኪስሽ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። የእግር ጥፍርሽን ከሦስት አራት ቀን በፊት ቁረጪ። በባንዲራ ያሸበረቀውን አዲሱን ቲሸርት ለሰኞ አቆዪው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ የጥጥ ቲሸርት፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ለብሼ ወጣሁ። 18ኛው ማይል ላይ ላቡ ከጥጡ ጋር ተባብሮ የጡቴን ጫፍ አደማው። ፎቶዬ ላይ ቀዩ ቀለም ባልታቀደ ቦታ ይታያል። ወንዶች አንባቢዎች፣ ፕላስተር ለጥፉ።

ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ የዲዝኒ መናፈሻ እንዳትገቢ። ሳታውቂው ቀኑን ሙሉ ትኳትኛለሽ። ባልሽና እማማ ይውሰዷቸው፤ አንቺ እግርሽን ትራስ ላይ ሰቅለሽ ተኚ። መናፈሻውን ሰኞ ሜዳልያሽን አንገትሽ ላይ አድርገሽ ግቢ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ አትፈሪ።

እዚያ አንድ ማይል ቢበዛ በ16 ደቂቃ መሄድ አለብሽ። ሙሉው ወደ 7 ሰዓት ይሆናል። ሰው የሚነሣው በምድብ በምድብ ነው፤ ከመጨረሻው ምድብ ጋር ፊኛ ያሰሩ ሴቶች በዚያው ፍጥነት ይሄዳሉ፤ ከእነሱ ኋላ ከቀረሽ ከሩጫው አውጥቶ የሚጭንሽ አውቶቡስ ይጠብቅሻል። መንገዱ በአራቱም መናፈሻዎች ያልፋል፤ ማጂክ ኪንግደም፣ አኒማል ኪንግደም፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና ኤፕኮት። በየመንገዱ ሚኪና ጓደኞቹ ለፎቶ ቆመው ይጠብቁሻል፤ ሰልፉ ግን ደቂቃ ይበላል። እኔ ሁለት ፎቶ እመርጣለሁ። አንደኛው ሁልጊዜ ጉፊ የሚባለው የዲዝኒ ውሻ ነው፤ አሮጌውን ታክሲዬን ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ 27 ዓመቴ ነው፣ ዴንቨር ነኝ። እኔና ጓደኛዬ አራቱንም ሩጫ በአንድ ላይ ልንሮጥ ነው፤ «ዶፒ» የሚባለውን። በየቀኑ የምለብሰውን እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ ሐሙስ 5 ኪሎ ሜትር፣ ዓርብ 10፣ ቅዳሜ ግማሽ ማራቶን፣ እሑድ ሙሉ። ድምሩ 48.6 ማይል። ስድስት ሜዳልያ ታገኛላችሁ። እብደት ነው፤ ግን በ27 ዓመት ካልታበደ መቼ ይታበዳል?

አራት ፌስታል አዘጋጅ። በእያንዳንዱ ላይ የቀኑን ስም ጻፍ፤ ካልሲ፣ ቁምጣ፣ ካናቴራ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የሚጣል ሹራብ ክተት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሰው አእምሮ ካልሲ መፈለግ አይችልም። ጫማ ሁለት ጥንድ ያዝ። የረጠበው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ አሳድረው። ዓርብና ቅዳሜን እየተዝናናህ ሩጥ። የሚጥልህ ርቀቱ ሳይሆን እንቅልፉ ነው። አራት ሌሊት ተከታትለህ 8 ሰዓት ላይ ትነሣለህ። እኔ 22 ዓመት በሌሊት ሥራ የተማርኩት አንድ ዘዴ አለ፦ ከሳምንት በፊት ጀምረህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተኛ። ጓደኞችህ ይስቁብሃል። ይሳቁ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ቢመጣስ ይሰረዛል?

መልስ፦ ለዝናብ አይሰረዝም። መብረቅ ሌላ ነው። በ2017 ግማሽ ማራቶኑ በመብረቅ ምክንያት ተሰረዘ። በ2024 ደግሞ ያው ግማሽ ማራቶን ወደ 7 ማይል ገደማ አጠረ። በ2017 ብዙ ሯጮች እልህ ይዟቸው በየሆቴላቸው ግቢ እየዞሩ 13.1 ማይላቸውን ጨርሰዋል። ስለዚህ በሻንጣችሁ ትርፍ ካልሲና ትንሽ እልህ አይታጣ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል። ልጄ ኦርላንዶ ልትሮጥ ነው፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። «5 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ 11 ሰዓት ገደማ እጨርሳለሁ» አለችኝ። በጠራራ ፀሐይ ጀምራ እስከ ማታ ልትሮጥ ነው ማለት ነው? ልጄን ሊገድሏት ነው እንዴ? እኔስ ምን ይዤ ልቁም?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ልጅዎ የነገረችዎ በፈረንጅ ሰዓት ነው። 5 ያለችው የእኛ የሌሊት 11 ነው። 11 ያለችው ደግሞ የእኛ የጠዋት 5 ነው። ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋውጠው ነው ያስደነገጡዎ። ስድስት ሰዓት ትሮጣለች፤ አብዛኛው ገና ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ባለቤቴም በ2015 በዚሁ ተሳስታ እኔ ጨርሼ ሣር ላይ ተኝቼ ነው የደረሰችው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ሲኖር የሚሆነው ይኸው ነው።

እርስዎ በ8 ሰዓት ሌሊት አብረዋት አይውጡ። ይተኙ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሥተው ኤፕኮት፣ ማለቂያው ጋ ይሂዱ። የት እንደደረሰች በስልክ የሚያሳይ ነገር አለ፤ ከመሄዷ በፊት ስልክዎ ላይ ትጫንልዎ። ወፈር ያለ ነጠላ ይደርቡ። ለእሷ ደረቅ ሹራብ፣ ውኃና ጨው ጣል የተደረገበት ቆሎ ይያዙ። ከዚያን ሁሉ ጣፋጭ በኋላ ጨው ነው የሚያምራት። ለእግሯ ደግሞ ሸበጥ፤ ጫማዋን ስታወልቅ ሌላ ምንም ነገር እግሯ አይገባም።

ስሟን ልጥራ ብለው አይድከሙ፤ ሙዚቃው አያሰማም። እልል ይበሉ። ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መሀል እልልታው የማን እንደሆነ ታውቀዋለች። ሸበጡን ብቻ አደራ።