ዘግይቶ የሚከፈት ሮሚንግ ፕሮፋይል፦ ከመጠኑ በፊት የፋይሎቹን ብዛት ይመልከቱ

የአንድ ቢሮ ኔትወርክ ኃላፊ የሆኑ አንባቢ ችግራቸውን እንዲህ ያስረዳሉ። ሠራተኞቹ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ እየተዘዋወሩ ስለሚሠሩ ሮሚንግ ፕሮፋይል ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ይህም በሰርቨሩ (በማዕከላዊው ኮምፒውተር) ላይ ተቀምጦ ሠራተኛው ሲገባ ወደሚሠራበት ኮምፒውተር የሚገለበጥ፣ ሲወጣም ወደ ሰርቨሩ የሚመለስ የግል ፋይሎቹና ቅንብሮቹ ስብስብ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ጠዋት የይለፍ ቃላቸውን ካስገቡ በኋላ ዴስክቶፑ እስኪከፈት ከ10 ደቂቃ በላይ ይጠብቃሉ፤ ሌሎቹ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ወዲያው ይገባሉ። መዘግየቱ ትናንት በሠሩበት ኮምፒውተር ላይም አይቀርም። አልፎ አልፎም አንድ ሠራተኛ ትናንት ያስቀመጠውን ሰነድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያጣዋል። አሁን አዲስ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘውን መሣሪያ) እንዲገዙ ተመክረዋል።

ስዊች ለመግዛት አይቸኩሉ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ የሚገባ ከሆነ ገመዱም ስዊቹም ለሁለቱ አንድ ናቸውና ችግሩ ያለው በፕሮፋይሎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ግምቴ ይህ ነው፦ የሚዘገዩት ሠራተኞች ፕሮፋይል በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ተሞልቷል፤ በኮምፒውተሩ ላይ መቅረት የነበረበት ቅጂም ሠራተኛው በወጣ ቁጥር እየተሰረዘ በማግስቱ ሁሉም እንደ አዲስ ይገለበጣል።

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ሠራተኛው ከሁሉም ኮምፒውተሮች መውጣቱን ያረጋግጡና በሰርቨሩ ላይ ያለውን ፕሮፋይል እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ፎልደሩ ለአስተዳዳሪ አልከፈት ካለ ባለቤትነቱን በግድ ወደ ራስዎ አያዙሩ፤ በዚያ ሂደት የሠራተኛው ፈቃድ ሊጠፋና ፕሮፋይሉ ሊዘጋበት ይችላል። የዊንዶውስ የፋይል መገልበጫ ትእዛዝ የሆነውን ሮቦኮፒን በባክአፕ ሁነታው መጠቀም ይሻላል።

ብዙ ሰው የፕሮፋይሉን መጠን በጊጋባይት ብቻ አይቶ ይፈርዳል፤ ይህ ስሕተት ስለሆነ በሰፊው ላስረዳው። ኮምፒውተሩ አንድን ፋይል ከሰርቨሩ ለመውሰድ ፋይሉ እንዲከፈትለት ይጠይቃል፤ መልስ ይጠብቃል፤ የፋይሉን ቀንና መጠን ይጠይቃል፤ ይዘቱን ያነባል፤ በመጨረሻም እንዲዘጋ ያዛል። እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስ ነው። ፋይሉ ሲደርስ ደግሞ በአካባቢው ዲስክ ላይ አዲስ ፋይል ተፈጥሮ፣ ፈቃዱ ተጽፎ፣ አንቲቫይረሱም መርምሮት ያልፋል። ይህ ሁሉ ሥራ ለ2 ኪሎባይት ፋይልም ሆነ ለ200 ሜጋባይት ፋይል አይቀርም። አንድ ሺህ ጡብ በአንድ መኪና ጭኖ በማስገባትና እያንዳንዱን ጡብ በር ላይ እያስመዘገቡ በማስገባት መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። 1 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፋይል በጊጋቢት ኔትወርክ ላይ በ10 ሰከንድ ገደማ ሊያልፍ ይችላል። ያው 1 ጊጋባይት በ40,000 ፋይሎች ቢከፋፈልና እያንዳንዱ ፋይል 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢወስድ ግን 400 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 7 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ይፈጃል። ሰርቨሩ ለቤት ኮምፒውተር የተሠራ ርካሽ ተሽከርካሪ ዲስክ ካለውና ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚገባ ከሆነ ከዚህም ይብሳል። ፈጣን ስዊች የገመዱን ስፋት ይጨምራል እንጂ ይህን ምልልስ አያስቀርም።

ፋይሎቹን ለመቁጠር ከሚዘገዩት አንዱ በገባበት ኮምፒውተር ላይ በፕሮፋይሉ ውስጥ በአፕዳታ (የፕሮግራሞች መረጃ በሚቀመጥበት ፎልደር) ሥር ያለውን የሮሚንግ ፎልደር ፕሮፐርቲስ ይክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኞቹ የመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራሞች ናቸው። እንደ ስላክና እንደ ቀድሞው ቲምስ ያሉት ካሽ የሚባሉትን ጊዜያዊ ፋይሎቻቸውን የሚያስቀምጡት ከሠራተኛው ጋር አብሮ በሚጓዘው በሮሚንግ ፎልደር ውስጥ ነው፤ «ካሽ»፣ «ኮድ ካሽ»፣ «ሰርቪስ ወርከር» የሚሉ ፎልደሮች ያገኛሉ። እነዚህን «ኤክስክሉድ ዳይረክተሪስ ኢን ሮሚንግ ፕሮፋይል» በሚለው ግሩፕ ፖሊሲ (አስተዳዳሪው ለቢሮው ኮምፒውተሮች በአንድነት በሚያወጣው የዊንዶውስ ደንብ) ውስጥ፣ ከፕሮፋይሉ ሥር ጀምሮ ያለውን አድራሻቸውን በሴሚኮለን እየለዩ ያስገቡ። ቀድሞ ሰርቨሩ ላይ የተከማቸው ግን በራሱ ስለማይጠፋ በእጅ ይጸዳል፤ ለዊንዶውስ 10 የሚጸዳው በስሙ መጨረሻ «ቪ6» ያለው ፎልደር ነው። አሁንም እደግመዋለሁ፦ ቅጂ ሳይኖርዎት፣ ሠራተኛውም ሳይወጣ አንድም ፋይል አይሰርዙ።

ቀጥሎ «ዲሊት ካሽድ ኮፒስ ኦፍ ሮሚንግ ፕሮፋይልስ» የሚለውን ፖሊሲ ይመልከቱ። በርቶ ካገኙት ያጥፉት፤ ያን ጊዜ ዊንዶውስ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ያመጣል። የዲስክ ቦታ ካሳሰበዎት የተወሰነ ቀን ያለፋቸውን ፕሮፋይሎች ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ የሚያጠፋ ሌላ ፖሊሲ አለ።

የጠፋው ሰነድ ጉዳይ ከመዘግየቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ከዚህ በፊት የሠራ ሰው ፕሮፋይሉን ለማሳነስ ብሎ «ሊሚት ፕሮፋይል ሳይዝ» የተባለውን ፖሊሲ አብርቶት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ የችኮላ ጥገና በየቢሮው ያጋጥማል፤ ያናድዳልም። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ገደቡ ሲታለፍ ሠራተኛው መውጣቱን አይከለከልም፤ ነገር ግን ፕሮፋይሉ ወደ ሰርቨሩ አይመለስም፤ የዕለቱ ሥራ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። እንግዲህ ቅጂ የሚሰርዘውን ፖሊሲ ከማጥፋትዎ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ገደብ ያንሡት። የሠራተኛውን ፎልደር ከሲ ድራይቭ ላይ በእጅ መሰረዝም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ሬጂስትሪው (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚይዝበት ማኅደር) ውስጥ ያለው መዝገብ ስለሚቀር ሠራተኛው በጊዜያዊ ፕሮፋይል ሊገባና ሲወጣ በውስጡ ያስቀመጠው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። መሰረዝ ካስፈለገ በሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ ባለው የዩዘር ፕሮፋይልስ መስኮት በኩል ይሁን።

ዘላቂው መፍትሔ ዴስክቶፕንና ዶክዩመንትስን በፎልደር ሪዳይሬክሽን ወደ ሰርቨሩ ማዛወር ነው፤ ያን ጊዜ ሰነዶቹ በየመግቢያው መገልበጣቸው ይቀራል። ሮሚንግ ፎልደሩን ግን አብረው አያዛውሩት፤ ፕሮግራሞች ሁልጊዜ ስለሚያነቡት ሥራው ሁሉ ይንቀራፈፋል። በዶክዩመንትስ ውስጥ የአውትሉክ ፒኤስቲ ፋይል (የኢሜይል ማከማቻ) ካለ አስቀድመው ወደ አካባቢው ዲስክ ያውጡትና ለብቻው ባክአፕ ያበጁለት፤ ፒኤስቲን ኔትወርክ ላይ አስቀምጦ መጠቀም ለብልሽት ያጋልጠዋል። ከመጀመሪያው ዝውውር በኋላ ያለው መግቢያ ፋይሎቹን ስለሚያጓጉዝ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ሠራተኞችን በሥራ መውጫ ሰዓት ያዛውሩ፤ የእያንዳንዳቸውንም ቅጂ አስቀድመው ይያዙ።

ይህን ሁሉ አድርገው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሁሉም ሠራተኛ የሚዘገይ ከሆነ የዚያን ኮምፒውተር የኔትወርክ ግንኙነት ፍጥነት ይዩ። 1 ጊጋቢት መሆን ሲገባው 100 ሜጋቢት ካሳየ ገመዱ ወይም ጫፉ ላይ ያለው ማያያዣ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ሲፈልግ 100 ሜጋቢት በሁለቱ ይሠራልና። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነውን ርካሽ ገመድ ጫፉን ደጋግመው ከመጠገን ይልቅ በንጹሕ የመዳብ ገመድ ይተኩት።