ሁለት ሆኖ ረጅም መንገድ ለመሄድ ሞተርን ስለ ማዘጋጀት፦ ከሐዋሳ ወደ አርባ ምንጭ ለሚሄዱት ወንድማችን

ወንድማችን ያነሱት ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔንም ያስቸገረኝ ስለ ነበር በዝርዝር ልመልስልዎ ወደድሁ። በቦክሰር 150 ሞተርዎ ባለቤትዎን ከኋላ አስቀምጠው ከሐዋሳ ወደ አርባ ምንጭ ለመሄድ እንዳሰቡ፣ ለሙከራ ወጣ ባላችሁበት ዕለት ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወገባቸውን እንዳመማቸውና እግራቸውም እንደ ደነዘዘ፣ በዚህም ምክንያት መቀመጫው ላይ ለስላሳ ስፖንጅ ለማስጨመርና ከኋላ ትልቅ የብረት ሳጥን ለማስበየድ እንዳቀዱ ጽፈዋል። እኔም ያንኑ ዓይነት ሞተር ይዤ ያንኑ መንገድ ከባለቤቴ ጋር ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፤ ስፖንጁንም ሳጥኑንም ልክ እርስዎ እንዳሰቡት አሠርቼ፣ ገንዘቤን ከከፈልሁ በኋላ ሁለቱንም አስፈርሻለሁ። ስለዚህ እባክዎ ወጪ ከማውጣትዎ በፊት ምንም ገንዘብ ከማይጠይቁት ነገሮች ይጀምሩ፤ ሲጀምሩም ባለቤትዎ አብረውዎት ይሁኑ፤ ብቻዎን ተቀምጠው ያስተካከሉት ሞተር የሚመቸው ለእርስዎ ብቻ ነውና።

መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ያስለኩ። በእኔ ቦክሰር የፊተኛው ጎማ 25 ፒኤስአይ ሲሆን የኋለኛው ብቻዬን ስሄድ 28፣ ሰው ስጭን ደግሞ 32 ነው፤ የጎሚስታው መለኪያ በባር ከሆነ 32ቱ ወደ 2.2 ባር ይጠጋል። ብዙ ሞተረኛ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው እንዳያነጥረው በማለት ንፋሱን ሲያስቀንስ አያለሁ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ሁለት ሰው ሲጫንበት ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ኩርባ ላይ ሞተሩን ያንገዋልላል፣ ጉድጓድ ሲያገኝም ካላማዳሪያው በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ልኬቱን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳና ጎማው ሳይሞቅ ያድርጉት።

ቀጥሎ የኋላው አሞርዛተር፣ ማለትም የመንገዱን ምት በሞላ (በስፕሪንግ) የሚያበርደው ክፍል፣ ነው፤ በእኔ ልምድ ከምንም በላይ ለውጥ ያመጣውም ይህ ነው። ሞላው ሥር በቁልፍ የሚዞር ደረጃ ያለው ቀለበት አለ፤ ፋብሪካው የሠራው ጭነት በጨመረ ቁጥር ሞላው አስቀድሞ እንዲጠብቅ ነው፤ አብዛኞቻችን ግን ሞተሩን ከገዛንበት ቀን ጀምሮ ነክተነው አናውቅም። እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። ሞተሩን በመሀል መቆሚያው አቁሜ የኋላው ጎማ ከመሬት ከፍ እንዳለ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ከጎማው ዘንግ ተነሥቼ ቀጥ ብዬ ወደ ላይ፣ የጎን ሽፋኑ ላይ እስከ ለጠፍሁት ፕላስተር ድረስ ለካሁ። ከዚያ እኔና ባለቤቴ የመንገድ ልብሳችንን ለብሰን፣ ዕቃችንንም ጭነን፣ እግራችንን መርገጫው ላይ አድርገን ተቀመጥን፤ ወንድሜ ሞተሩን ከፊት ደግፎ ይዞ ጎረቤታችን በዚያው ነጥብ ድጋሚ ለካ። ልዩነቱ 6 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ያ ሞላ በጠቅላላው የሚወርደው 10 ሴንቲ ሜትር ግድም በመሆኑ፣ ገና ጉድጓድ ሳናገኝ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጨርሰነው ነበር ማለት ነው፤ ለካ ባለቤቴ በየጉድጓዱ ወገቧን የሚመታት ሞላው መጨረሻው ላይ ደርሶ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ ኖሯል። ቀለበቱን በሁለቱም ጎን እኩል ደረጃ ከፍ አድርገን ስንለካ ልዩነቱ ከ6 ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ቀነሰ። ጠቅላላ ከሚወርደው አንድ ሦስተኛውን ገደማ ቢይዝ መልካም ነው፤ ለሁለት ሰው ከዚያ ትንሽ ቢበልጥም ችግር የለውም። ብቻዎን ሲነዱ መልሰው ማላላትዎን አይርሱ፤ ግራና ቀኙም ፈጽሞ አይለያይ። ቀለበቱ መጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሶ ሞተሩ አሁንም ከሰመጠ ወይም በአሞርዛተሩ ዙሪያ ዘይት ካዩ፣ መለወጥ ያለበት እርሱ እንጂ መቀመጫው አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ቀና ስለሚል ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል፤ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ማታ ግድግዳ ላይ እያበራችሁ ዝቅ አድርጉት። የካቴናው ልቀትም ከጭነት ጋር ስለሚቀየር አስቀድሞ ከመጠን በላይ አይወጠር፤ የእኔን በመሀሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ እንዲል አድርጌ ነው የምይዘው።

ወደ መቀመጫው ልምጣ። ለስላሳ ስፖንጅ የሚመች የሚመስለው ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት ነው። ሰው ሲቀመጥበት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨፈለቅና ክብደቱ በሙሉ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ እንጨት ላይ ከመቀመጥ አይሻልም። እኔ ይህን የተረዳሁት ሀላባ ቁሊቶ ላይ ባለቤቴ ከሞተሩ ወርዳ ጉልበቷን ቀጥ ማድረግ ባቃታት ጊዜ ነው። ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ «ወገቤን የሚያመኝ መንገዱ አይደለም፤ ፍሬን በያዝህ ቁጥር አንተ ላይ እንዳልወድቅ ራሴን እየገታሁ ነው» አለችኝ። እውነትም ሄልሜቷ ከሄልሜቴ ጋር ሲጋጭ የዋለው ለዚህ ነበር። ሐዋሳ እንደ ተመለስን የሚኒባስ መቀመጫ ወደሚሠራ ታፒሴሪ ወስደን ሽፋኑን ስናስከፍተው፣ እኔ የምቀመጥበት የፊተኛው ክፍል ከዓመታት ብዛት ሰምጦ፣ የእርሷ ክፍል ደግሞ እንደ ነበረ ቆይቶ፣ መቀመጫው ወደ ፊት ያዘነበለ ተዳፋት ሆኖ አገኘነው። እኔ ያስጨመርሁት ለስላሳ ስፖንጅም ተዳፋቱን አባባሰው እንጂ አላስተካከለውም።

ባለሙያው አሮጌውን አውጥቶ የሰመጠውን ክፍል በደረቁና ተጨምቆ በተጣበቀው ዓይነት ስፖንጅ ሞላው፤ የባለቤቴን ክፍል አግድም እንዲሆን አስተካክሎ ከላይ ብቻ 1 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ለስላሳ ስፖንጅ አለበሰበት። ሽፋኑንም ከሚያንሸራትተው ልሙጥ ቆዳ ይልቅ ሸካራ በሆነው አደረግነው። እርስዎም ሲያሠሩ ሽፋኑ ከመሰፋቱ በፊት ስፖንጁን በፕላስተር አሥረው ሁለታችሁም ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡበት፤ ያን ጊዜ መቅረፍ ወይም መጨመር ቀላል ነው። ስፌቱ አጥንት በሚያርፍበት ቦታ እንዳይውል ይንገሩት፤ ይቆረቁራል፣ በዝናብም ጊዜ ውኃ የሚያስገባው እርሱ ነው።

የእግር መደንዘዝ ግን ከመቀመጫው ብቻ አይመጣም። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው መርገጫው ከመቀመጫው በጣም ቀርቦ ጉልበቱ ከልክ በላይ ከታጠፈ፣ ጭኑ ከመቀመጫው ተነሥቶ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ባለቤትዎን አስቀምጠው ከጎን ሆነው ይመልከቷቸው። ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በልጦ ሽቅብ የወጣ ከሆነ የእርሳቸውን ክፍል አግድምነቱ ሳይበላሽ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ማስነሣት ብዙ ያቀላል። መርገጫውን ዝቅ ማድረግ ካስፈለገ ማስቀጠያው በብሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ፤ ከማርሚታውም፣ ማለትም ከሚግለው የጭስ ማውጫ፣ ይራቅ። የመርገጫው ላስቲክ ያለቀ ከሆነ ይለውጡት፤ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ወደ እግር የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ስለ ሳጥኑ በግልጽ ልናገር፤ አያስበይዱት። የእኔ ሳጥን ባዶውን እንኳ ከባድ ነበር፤ ከኋላው ጎማ ዘንግ አልፎ የተንጠለጠለ በመሆኑ የኋላውን እየጫነ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ስንወርድ መሪው በእጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፍጥነቴን ቀስ ብዬ በሞተሩ ማርሽ ባልቀንስ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደ ነበር ማሰብ አልፈልግም። ባለቤቴ ደግሞ ሳጥኑ ከጀርባዋ ስለሚገፋት ቦታ አጥታ እኔ ላይ ተጣብቃ ነበር። አሁን ዕቃችንን በሁለት የሸራ ቦርሳዎች አከፋፍለን በግራና በቀኝ ዝቅ አድርገን እናስራለን፤ ከባድ ከባዱ፣ መፍቻና ትርፍ ካላማዳሪያ የመሰለው፣ ከታችና ወደ ፊት ይሆናል። በማርሚታው በኩል ያለው ቦርሳ እንዳይቃጠል የላሜራ መከለያ አሠርቻለሁ። ከኋላ የሚቀረው ቀላል ልብስ ብቻ ነው፤ እርሱም ተጠቅልሎ ሲታሰር ለጀርባ የሚበቃ ድጋፍ ይሆናል። የሁለታችሁን ክብደትና የዕቃውን ደምረው በሞተሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው የጭነት ወሰን ጋር ማስተያየትዎንም አይተዉ።

አለባበስን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ አደራ እላለሁ። ባለቤትዎ ነጠላ ወይም ረጅም ሻርፕ ለብሰው ከሆነ ጫፉ ተሰብስቦ ጃኬት ውስጥ ይግባ፤ በነፋስ ተይዞ ካቴና ወይም ጎማ ውስጥ የገባ ጨርቅ ሰውን ከነአንገቱ ጎትቶ ይጥላል። ቀሚስ ለብሶ በአንድ ጎን መቀመጥም ለረጅም መንገድ አይሆንም፤ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፣ የተቀመጠውም ሰው የሚይዘው አያገኝም። ሱሪ ለብሰው እግራቸውን በሁለት በኩል ያድርጉ። ሄልሜታቸው በልካቸው ይሁን፤ የሰፋ ሄልሜት በነፋስ ወደ ኋላ እየሳበ አንገት ይጎዳል።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተን ሻሸመኔ በባጃጅ ሳትጨናነቅ እናልፋለን፤ ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ ለመግባት እንዲበቃን ከ60 ብዙም አልፈን አንነዳም። በየሃምሳ ደቂቃው ድካም ቢኖርም ባይኖርም እንወርዳለን፤ ሕመሙ ከመጣ በኋላ ማረፍ እንደ መጀመሪያው አይረዳምና። ሶዶ ላይ ምሳ በልተን ጃኬት እናወልቃለን፤ ከዚያ በታች ወደ ዓባያ ሐይቅ ሲወረድ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ምዕራብ ዓባያ ሙዝ እየበላን የምናርፍበት ቦታ ነው። ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ እየያዘ ይውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ሲያዝ የኋላው የፍሬን ሸራ ይግላል፣ ባለቤትዎም ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። ንግግር በነፋስ ስለማይሰማ ምልክት ይኑራችሁ፤ የእኛ ትከሻን አንዴ መታ ማድረግ «ቀስ በል»፣ ሁለቴ «አቁም» ነው፤ ሁለቴ ሲመታኝ ምክንያቱን ሳልጠይቅ አቆማለሁ።

አርባ ምንጭን ከማሰብዎ በፊት ሙሉ ዕቃችሁን ጭናችሁ ከሐዋሳ ሀላባ ደርሳችሁ ተመለሱ። ሲመለሱ የትኛው ቦታ እንዳመማቸው ለይተው ባለቤትዎን ይጠይቁ፤ መቀመጫቸውን ከሆነ ስፖንጁን፣ ጉልበታቸውን ከሆነ መርገጫውንና የመቀመጫውን ከፍታ፣ ወገባቸውን ከሆነ ሞላውንና ተዳፋቱን፣ አንገታቸውን ከሆነ ሄልሜቱን ይመልከቱ። ክንዳቸው ከደከመ ግን፣ የሚይዙት አጥተው ኖሯልና፣ በጎናቸው በኩል እጃቸው በቀላሉ የሚደርስበት ጠንካራ መያዣ ብረት ያሠሩላቸው።